በቻይና ተረት ብድር የሚመልሰው ማን ነው?

ክፉ የሠራ ሰው ሲወድቅ "ካርማ ነው" ማለት ለምደናል። የእጁን አገኘ እንደማለት ነው። አጭር ነው፣ አንጀት ያርሳል፣ ክርክርም አይጋብዝም። የቻይናን ተረቶች በዚች ቃል ብቻ ይዛችሁ ከገባችሁ ግን ቶሎ ግራ ትጋባላችሁ። ክፉው ብዙ ጊዜ ይቀጣል፣ እሱስ ልክ ነው። ግን አንዳንዴ የሚከፍለው የልጅ ልጁ ነው። አንዳንዴ ፍርዱ የሚሰጠው ከሞት በኋላ ነው፣ ያውም ጉቦ በሚበላ ዳኛ። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ሹም ላጠፋው ጥፋት አገር ምድሩ በድርቅ ይመታል። ስለዚህ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው።

ሲንደሬላን የማያውቅ የለም። ቻይናዊቷ ሲንደሬላ ዬ ሺየን ትባላለች። ታሪኳን በ9ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የጻፈው ዱዋን ቼንግሺ የሚባል የታንግ ሥርወ መንግሥት ሹም ነው። ፈረንሳዮቹ የእነሱን ሲንደሬላ እ.ኤ.አ. በ1697 ከማተማቸው ከ800 ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ታሪኩን የነገረው ደግሞ የቤቱ አሽከር ነበር፣ ከደቡብ፣ ዛሬ ጓንግሺ ከሚባለው አካባቢ የመጣ።

ልጅቷ እናትም አባትም ሞቶባት እንጀራ እናት እጅ ወደቀች። እንጨት ከገደል አፋፍ ታስለቅማታለች፣ ውሃ ከጥልቅ ቦታ ታስቀዳታለች። አንድ ቀን ዬ ሺየን ዓይኗ ወርቅ የሚመስል ትንሽ ዓሣ አገኘች። ከራሷ ምግብ እየቀነሰች አሳደገቻት። ዓሣዋ ስታድግ ኩሬ ውስጥ ለቀቀቻት፣ ልጅቷ ስትመጣ ብቻ ብቅ ትላለች፣ ለሌላ ሰው አትወጣም። እንጀራ እናት ይሄን ደረሰችበት። ለልጅቷ አዲስ ልብስ ሰጥታ ራቅ ወዳለ ምንጭ ላከቻት፣ አሮጌውን ልብስ ራሷ ለበሰች፣ እጅጌዋ ውስጥ ስለት ደበቀች፣ ኩሬው ዳር ሄዳ ተጣራች። ዓሣዋ ልጅቷ መስላት ብቅ አለች። ሠርታ በላቻት፤ ጣዕሟ ከሌላ ዓሣ እጥፍ እንደነበር ሳይቀር ጸሐፊው ይነግረናል። አጥንቱን ፍግ ውስጥ ቀበረችው።

የቀረውን ትገምታላችሁ። ልጅቷ አጥንቱን አገኘች፣ የለመነችውን ሁሉ ሰጣት፣ በዓል ላይ ሄደች፣ የወርቅ ጫማዋ ወደቀ፣ ጫማው ተሸጦ ንጉሥ እጅ ገባ፣ ንጉሡም ፈልጎ አገኛት። እኔን የሚገርመኝ አጨራረሱ ነው። እንጀራ እናቲቱና ልጇ እየበረረ በመጣ ድንጋይ ተመትተው ሞቱ። ማን ወረወረው? አልተባለም። ዬ ሺየን አላዘዘችም፣ ንጉሡም አልፈረደም። ድንጋይ መጣ፣ በቃ። ከዚያ የአገሩ ሰዎች አዘኑላቸውና ቀበሯቸው። ለመቃብሩም ስም አወጡለት፣ ውሎ አድሮም ሚስት የሚፈልግ ሰው ስለት የሚሳልበት ቦታ ሆነ።

ንጉሡስ? አጥንቱን ከልጅቷ ጋር ወስዶ ኖሮ ለአንድ ዓመት ዕንቁና ጌጥ ያለልክ ሲለምነው ከረመ። በዓመቱ አጥንቱ ዝም አለው። ባሕር ዳር ከብዙ ዕንቁ ጋር ቀበረው፣ ዙሪያውን በወርቅ ከበበው። በኋላ ወታደሮቹ ሲያምፁበት ያንን ሀብት ቆፍሮ ሊያወጣ አሰበ። አንድ ሌሊት ማዕበል መጥቶ ጠራርጎ ወሰደው።

የተበደለችው እጇን አላነሳችም። የበደሏት ከፈሉ፣ ግን ሲሞቱ አልቃሽ አላጡም። ከተበዳይዋ ጎን የቆመው ንጉሥም ሲስገበገብ ተቆጠረበት። ጥሩ ሰው ከጎኑ ስላለ ብቻ ሒሳቡ አልተዘጋለትም። "መልካም ሆነህ ተገኝ፣ ትሸለማለህ" የሚል ተረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሠርጉ ላይ ያልቅ ነበር።

አሁን ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። ካርማ የምንለው ሐሳብ ከህንድ ከቡድሃ እምነት ጋር የመጣ ነው፣ ቻይና የደረሰውም በ1ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ቻይናዎች ግን የበደልና የውለታ ሒሳብ ከዚያ በፊትም ነበራቸው። በጥንታዊው የጥንቆላ መጽሐፋቸው ማብራሪያ ላይ ደግነት የሚያጠራቅም ቤት በረከት ይተርፈዋል፣ ክፋት የሚያጠራቅም ቤት መከራ ይተርፈዋል የሚል ሐሳብ አለ። ቤት ነው የሚለው፣ ሰው አይልም። የአባት ዕዳ ለልጅ። አያትህ የተከለውን አንተ ትበላለህ፣ ጣፋጭም ይሁን መራራ።

የዚህ ዓይነት ታሪኮች ብዙ ጊዜ በደግነት በኩል ነው የሚነገሩት። አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ዓመት ላይ ሆነ የሚባለው ነው። ዌይ ኬ የሚባል መኮንን ነበር፤ አባቱ ልጅ ያልወለደችለት ዕቁባት ነበረችው። አባት ሲታመም "ስሞት ዳራት" አለ። ሕመሙ ሲጠና ደግሞ "ከኔ ጋር ቅበሯት" አለ። ዌይ ኬ አባቱ ሲሞት ዳራት። ለምን ቢሉት፣ ሰው ሕመም ሲጠናበት አእምሮው ይታወካል፣ እኔ አእምሮው ጤነኛ ሳለ የተናገረውን ያዝኩ አለ። ኋላ ጦርነት ላይ ዱ ሁይ ከሚባል ጉልበተኛ ጋር ተገጣጠመ። አንድ ሽማግሌ የቆመ ሣር እየቋጠረ መሬቱ ላይ መሰናክል ሠራ፣ ዱ ሁይ ተጠልፎ ወደቀና ተማረከ። በዚያው ሌሊት ሽማግሌው በሕልም መጣ። የዚያች ሴት አባት ነኝ አለ። ልጁን ያተረፈለትን ሰው ሞቶም አልረሳውም። ዛሬም ቻይናዎች ጥልቅ ውለታ መመለስን ሣር ከመቋጠር ጋር ያያይዙታል።

ሌላው ዩ የሚባል በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረ የወኅኒ ሹም ነው፣ እሱን በጣም ነው የምወደው። የሠፈሩ መግቢያ በር ሲፈርስ ሰዎች ተሰብስበው ሊሠሩት ተነሡ። በሩን ከፍና ሰፋ አድርጉት፣ አራት ፈረስ የሚስበው ባለድንኳን ሠረገላ እንዲያስገባ አላቸው። ምክንያቱን ሲናገር፣ ክስ ሳይ ማንንም በግፍ ፈርጄበት አላውቅም፣ ስለዚህ ከልጅ ልጆቼ ትልቅ ሰው መውጣቱ አይቀርም አለ። ልጁ ዩ ዲንግጉዎ እውነትም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሰውየው የሚጠብቀውን ወለድ አስልቶ በሩን ቀድሞ አስፍቶ መሥራቱ! ድፍረቱን አያችሁ?

እዚህ ላይ ግን ጥያቄ ይነሣል። ክፉ ሰው ሀብታም ሆኖ፣ ልጆቹም ሀብታም ሆነው ሲኖሩ ስናይ ምን እንላለን? ቤተሰባዊው ሒሳብ ለዚህ በቂ መልስ አልነበረውም። የቡድሃ እምነት የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። በሉ ተራራ ይኖር የነበረው መነኩሴ ሁይዩዋን (እ.ኤ.አ. 334–416) ነገሩን ሦስት ቦታ ከፈለው። ብድር በዚህ ሕይወት ይከፈላል፣ ወይ በሚቀጥለው፣ ወይ ከብዙ ሕይወት በኋላ። ዛሬ ክፉው የሚበላው የድሮውን ቀሪ ሒሳቡን ነው፣ ያሁኑ ገና አልደረሰም ማለቱ ነው። ሕዝቡ ይሄን ወስዶ አባባል አደረገው፤ ያልተከፈለ የለም፣ ጊዜው አልደረሰም እንጂ ይላሉ። አዲሱ ሐሳብ ከፋዩን ራሱን ባለዕዳውን አደረገው፣ ልጁን ሳይሆን። የድሮው ግን አልጠፋም። ተረቶቹ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚጠቀሙት፣ እንደ ሁኔታው። ነገሩን ለማጥራት የሚሞክር ሰው የሚናደደውም ለዚህ ነው።

በራስ የመክፈል ታሪክ ከፈለጋችሁ ፑ ሶንግሊንግ (እ.ኤ.አ. 1640–1715) አለላችሁ። የሻንዶንግ ሰው ነው፣ በወጣትነቱ የመጀመሪያውን የመንግሥት ፈተና በማዕረግ አልፎ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የወደቀ፣ በሰው ቤት ልጆች እያስጠና የኖረ። ወደ 500 የሚጠጉ የመንፈስ፣ የቀበሮና የሙታን ታሪኮች ጽፏል። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ ከ51 ዓመት በኋላ ነው።

ከታሪኮቹ አንዱ ያለፉ ሦስት ሕይወቶቹን ስለሚያስታውስ ሊዩ ስለሚባል ሰው ነው። ሙታን ወደ አዲስ ሕይወት ከመሄዳቸው በፊት የድሮውን የሚያስረሳ ነገር ይጠጣሉ። ይሄ ሰውዬ የሙታን ንጉሥ ያንዋንግ ፊት ቀርቦ ሻይ ሲሰጡት የሌላው ጽዋ ጥርት ያለ፣ የሱ ደግሞ ድፍርስ መሆኑን አየና ጠረጠረ። ሰው ሳያየው ደፋው። ከዚያ መዝገቡ ተገለጠ፣ ክፉ ባላባት ነበርና ፈረስ ሁን ተባለ። ፈረስ ሆኖም ሁሉን ያስታውሳል። ቅጣቱ መሮት ምግብ ትቶ ሞተ፣ ያንዋንግ ግን ቅጣትህን ሳትጨርስ አመለጥክ ብሎ ውሻ አደረገው። ውሻ ሆኖ እንዲገድለው ብሎ ጌታውን ነከሰ፣ ሞተ፣ እባብ ተደረገ። አሁን ገባው። ሰው አልጎዳም፣ ራሴንም አልገድልም ብሎ ፍሬ እየበላ ኖረ፣ መጨረሻ ላይ ጋሪ ሄደበት። ከዚያ ነው ሰው መሆን የተፈቀደለት። ሰው ከሆነ በኋላ የሚሰጠው ምክር ስለ ነፍስ አይደለም። ፈረስ ስትጋልቡ ከጎንና ከጎን ያለውን ልባስ አወፍሩለት ነው የሚለው፣ ከአለንጋው ይልቅ የጋላቢው ጭን ሲጨምቅ ነው የሚያመው። እንዲህ ያለ ነገር የሚናገረው የቀመሰው ነው።

ድፍርሱን ሻይ ተዉትና ግን ዙሪያውን እዩት። ንጉሥ አለ፣ መዝገብ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ቅጣቱን ጨርሷል አልጨረሰም ብሎ የሚያጣራ አለ። የቻይናው ካርማ ቢሮ አለው። እያንዳንዱ ቤት ምድጃ አጠገብ የሚኖር የምድጃ አምላክ አለ፣ የቤተሰቡን ሥራ እያየ ወደ ሰማይ ሪፖርት ያደርጋል። ዋናው ሪፖርት በዓመቱ መጨረሻ፣ በሰሜን ቻይና በ12ኛው ወር በ23ኛው ቀን ነው። ቤተሰቡ ምን ያደርጋል? አፉ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ወይ ማር ይቀባዋል፣ ወይ አፉ እንዲታሰር ወይ ጥሩ ጥሩውን እንዲያወራ። ሳቅ ነው፣ ግን ጉቦም ነው። ቢሮ ካለ ጉቦ አለ።

ፑ ሶንግሊንግ ይሄን ቀልድ ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደበት። ሺ ፋንግፒንግ የሚባለው ልጅ ታሪክ ላይ። አባቱ ያንግ ከሚባል ሀብታም ጋር ተጣልቶ ነበር። ያንግ ቀድሞ ሞተ። ከዓመታት በኋላ አባት ሲታመም፣ ያንግ እዚያ ላሉት ጉቦ ሰጥቶ እያስገረፈኝ ነው አለና ሰውነቱ አብጦ ሞተ። ልጁ ምግብ ተወ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ነፍሱ ወጥታ ወደ ሙታን ከተማ ሄደች። አባቱን ወኅኒ ውስጥ አገኘው። ክስ ጻፈ። የከተማው አምላክ ጉቦ ተቀብሏል፣ ማስረጃ የለህም አለው። ወደ አውራጃው ሄደ፣ አጓተቱት፣ ገረፉት፣ መለሱት። ወደ ያንዋንግ ይግባኝ አለ። ሁለቱ ሹማምንት ክሱን እንዲያነሣ አንድ ሺህ ወርቅ አቀረቡለት፣ እምቢ አለ። ገንዘቡ ወደ ላይ ሄደ መሰለኝ፣ ያንዋንግ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቀው ግረፉት አለ። ልጁ እየተገረፈ ጮኸ፦ መገረፍ ይገባኛል፣ ማን ገንዘብ አይኑርህ አለኝ!

የጋለ ብረት ላይ አስተኙት። አሁንስ ትከሳለህ? አሉት። እከሳለሁ አለ። በመጋዝ ለሁለት እንዲሰነጠቅ ታዘዘ። መጋዙን የያዘው ጋኔን ለጓደኛው፣ ይሄ ልጅ ለአባቱ የሚያስብ ነው፣ ጥፋት የለበትም፣ መጋዙን ትንሽ ዘወር አድርገን ልቡን እናትርፍለት አለው። ታሪኩ ውስጥ እስካሁን ሥራውን በሕሊና የሠራው ይሄ ጋኔን ብቻ ነው። ልጁን በመጨረሻ አታለው ሕፃን አድርገው ወደ ምድር ሲወረውሩት ጡት አልጠባም ብሎ በሦስት ቀኑ ሞተ፣ ክሱን ለመቀጠል! በመንገድ ላይ ከሰማይ የመጡ መኳንንት አገኘ፣ ነገሩ ኤርላንግ ለሚባለው አምላክ ቀረበ። ያንዋንግና ሁለቱ ሹማምንት ተቀጡ፣ የያንግ ሀብት ለሺ ቤት ተሰጠ፣ አባትም 36 ዓመት ዕድሜ ተጨመረለት።

ይሄ ተረት የሚያወራው ስለ ሙታን አገር አይደለም። ፑ ሶንግሊንግ የሚያውቀውን የቀበሌ፣ የአውራጃና የጠቅላይ ግዛት ፍርድ ቤት ወስዶ ከመሬት በታች አስቀመጠው። ስለ ምድር ዳኞች እንዲህ ብሎ መጻፍ አደገኛ ነበር። ካርማ በራሱ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው እንዲህ አይጽፍም። ካርማ የሚሠራው አንድ ግትር ልጅ ተሰንጥቆም ቢሆን ፋይሉን ሲከታተል ነው።

ፋይሉ ባይንቀሳቀስስ? እዚህ ጋ በቀል ይገባል። በጥንቱ ፈላስፋ በኮንፊሽየስ ተከታዮች የሥርዓት መጽሐፍ፣ አባቱን ከገደለው ሰው ጋር ልጅ በአንድ ሰማይ ሥር አይኖርም የሚል አለ። ደም መመለስ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ሕግ አለ፣ ነፍስ ያጠፋ ይሞታል። ሁለቱ ሲጋጩ ምን ይደረጋል?

በንግሥት ዉ ዘመን፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ሹ ዩዋንቺንግ የሚባል ሰው አባቱን ያስገደለውን ሹም ለመበቀል ስሙን ለውጦ የመንገድ ማረፊያ ቤት ውስጥ አሽከር ሆኖ ሠራ። ሹሙ አድሮ ሲያርፍ ገደለውና ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ። ቸን ዝአንግ የሚባለው ገጣሚና ባለሥልጣን መፍትሔ አቀረበ። ሕጉ ስለሚል ይገደል፣ ግን ለአባቱ ስለተበቀለ ከሞተ በኋላ በመንደሩ በር ላይ ይመስገን። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ሊዩ ዞንግዩዋን (እ.ኤ.አ. 773–819) ይሄን አፈረሰው። አንዱን ሥራ ልትቀጣውም ልታመሰግነውም አትችልም አለ። መጀመሪያ የሚጠየቀው አባትየው የተገደለው በሕግ ነው ወይስ በሹሙ ቂም ነው የሚለው ነው። በግፍ ከሆነና ሌሎቹ ሹሞች ጩኸቱን ካልሰሙ፣ ልጁ ጥፋተኛ አይደለም። በሕግ ከሆነ ግን የገደለው ሕጉን ነው። እኔ ከሊዩ ጋር ነኝ። የቸን ሐሳብ ሁሉንም ለማስደሰት የሚሞክር የቢሮ ስምምነት ነው፣ ሰውየው ግን ሞቶ ነው የሚመሰገነው።

ተረቶቹ ይሄን ክርክር ያውቁታል። ፑ ሶንግሊንግ ሳንጓን ስለምትባል የ16 ዓመት ልጅ ጽፏል። አባቷ ሰክሮ ሲቀልድ አንድ ባላባት አስቀየመ፣ አሽከሮቹ ደብድበው ገደሉት። ወንድሞቿ ከሰሱ፣ ዓመት ቆየ፣ ምንም አልመጣም። አስከሬኑን ሳንቀብር እንደገና እንክሰስ ሲሉ አቋረጠቻቸው። ሰው ተገድሎ ካልተፈረደ ዘመኑን ከዚህ እወቁት፣ ሰማይ ለእናንተ ብሎ ዳኛ ባዎን ይወልድላችኋል? አለች። ዳኛ ባዎ እ.ኤ.አ. ከ999 እስከ 1062 የኖረ እውነተኛ ሹም ነው፣ በተረት ቀን የሕያዋንን፣ ሌሊት የሙታንን ክስ የሚያይ፣ የማይደለል። ለልጅቷ ግን ባዎን መጠበቅ ቅንጦት ነበር። አንድ ሌሊት ጠፋች። ከወራት በኋላ ባላባቱ ልደቱን ሲያከብር ከዘፋኞቹ አንዱ መልከ መልካም ወጣት ነበር። ባላባቱ ወደደውና አሳደረው። ሲነጋ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ተገኘ፣ ወጣቱም ራሱን ሰቅሎ። አስከሬኑን ሲያወርዱ ካልሲና ጫማው ውስጥ እግር የሌለ ያህል ቀለለባቸው። ሲያወልቁት፣ እንዳያድግ ከልጅነት ጀምሮ የታሰረ የሴት እግር።

ጸሐፊው አልኮነናትም፣ እንዲያውም ሴቶች ምስሏን በሐር ጠልፈው ቢያከብሯት ጽድቁ ጓን ዩ የተባለውን የጦር አምላክ ከማክበር አያንስም ይላል። ግን አስተውሉ፣ በሕይወት አላስቀራትም። ደሙን መለሰች፣ ሒሳቡን ደግሞ በራሷ ነፍስ ዘጋች።

ይቅርታስ የለም ወይ? አለ፣ ግን እንደምናስበው አይደለም። ላኦዙ የሚባለው ጥንታዊ ፈላስፋ በደልን በደግነት መልስ ብሏል። ኮንፊሽየስን ይሄንኑ ጠይቀውት ነበር። እንግዲያ ደግነትን በምን ልትመልስ ነው? አለ። በደልን በቅንነት፣ ደግነትን በደግነት መልስ። ቅንነት ሲል የሚገባውን ያህል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ማለቱ ነው ብዬ ነው የምረዳው። ለጠላትህም ለወዳጅህም አንድ ዓይነት ከከፈልክ ወዳጅህን በደልከው።

ያለልክ የሚያዝን ሰው ሲመጣ ተረቶቹ ምሕረት የላቸውም። ዶንግጉዎ የሚባል የዋህ ምሁር አዳኝ የሚያባርረውን ተኩላ ከረጢት ውስጥ ደብቆ አተረፈው። ተኩላው ሲወጣ ራበኝ፣ ልብላህ አለ። ሦስት ሽማግሌ እንጠይቅ ተባባሉ። የእባቡንና የሰውየውን ተረት የሰማ ሰው ቅርጹ አዲስ አይሆንበትም። የመጀመሪያው አሮጌ ዛፍ ነው። ለጌታዬ ዘመኔን ሙሉ ፍሬ ሰጠሁ፣ አሁን ሊቆርጠኝ ነው፣ ብላው አለ። ሁለተኛዋ አሮጌ ላም ናት። አረስኩለት፣ አሁን ለሥጋ ሊያርደኝ ነው፣ ብላው አለች። ዳኞቹ ከተኩላው ጋር ናቸው፣ ምክንያታቸውም እውነት ነው! ሰው ውለታ ቢስ ከሆነ ተኩላው ላይ ምን አፍ አለው? ሦስተኛው ሽማግሌ ብቻ ነው እንዴት እንደገባህ ላየው ብሎ ተኩላውን ከረጢት ውስጥ መልሶ ያስገባው። ተኩላውን ግደለው ሲለው ምሁሩ አሁንም ሲያመነታ ሽማግሌው ይስቅበታል። ይሄ ተረት ብዙ ጊዜ ክፉን አትርዳ ተብሎ ይጠቀሳል፣ የዛፉና የላሟ ክስ ግን መልስ ሳያገኝ እዚያው ቀርቷል።

ሕዝቡ ሕጉን ይዞ የመጣውንም የሚቀጣበት ጊዜ አለ። በነጭ እባብ ተረት እባቢቱ ሴት ሆና የውለታዋን ባለቤት አግብታ ትኖራለች፣ መነኩሴው ፋሃይ ደግሞ ጋኔን ከሰው ጋር አይኖርም ብሎ ይለያያቸዋል፣ እሷን ሃንግዦ ባለው የሌይፌንግ ግንብ ሥር ያስራታል። በሕጉ ልክ ነው። ሰሚው ግን አልተቀበለውም። በሕዝቡ አፍ ፋሃይ ከሰማይ ቁጣ ሸሽቶ ሸርጣን ቅርፊት ውስጥ ገባ፣ እስከ ዛሬ አልወጣም። የበሰለ ሸርጣን ከፍታችሁ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሥስ ነገር ብትገለብጡት የተቀመጠ መነኩሴ ይመስላል፣ ልጆች ያንን ፈልገው ያወጣሉ። ግንቡም እ.ኤ.አ. በ1924 ፈረሰ፣ ያልተከፋ ብዙ ነው።

መጨረሻ ላይ የማነሣው ተረት ሳይሆን ቲያትር ነው፣ ግን ሥሩ ተረት ነው። ጓን ሃንቺንግ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የዶው ኧ ታሪክ። ወጣት ባልቴት ናት። ጃንግ የሚባል ወሮበላ ሊያገባት ፈልጎ እምቢ ስትለው አማቷን ለመግደል ሾርባ ውስጥ መርዝ ጨመረ። ሾርባውን የጠጣው የራሱ አባት ሆነ። እሷን ከሰሳት። ዳኛው ገረፋት፣ አላመነችም። አማቷን ግረፉ ሲል ግን እኔ ነኝ አለች። ሊሰይፏት ሲሉ ሦስት ነገር ተናገረች። ንጹሕ ከሆንኩ ደሜ መሬት አይንካ፣ ከላይ የተሰቀለው ነጭ ሐር ላይ ይውጣ። በበጋው እኩሌታ፣ በስድስተኛው ወር፣ በረዶ ይዝነብ። ይሄ አውራጃ ሦስት ዓመት ዝናብ አይይ። ሦስቱም ሆኑ።

ሦስተኛውን ቆም ብላችሁ አስቡት። የአውራጃው፣ የቹዦ ገበሬ ምን አደረገ? ልጅቷን የሰየፋት ዳኛው ነው፣ የተራበው ግን የዳኛው ቤት አይደለም። በተረቱ ሥር ያለው የሃን ዘመን ታሪክም እንዲሁ ነው። በግፍ የተገደለች ባልቴት፣ ሦስት ዓመት ድርቅ፣ ኋላ አዲስ ሹም መጥቶ መቃብሯ ላይ መሥዋዕት ሲያቀርብ ዝናብ ጣለ። ያኔ እንዳትገደል የተከራከረላት የወኅኒ ሹም ያ በሩን አስፍቶ የሠራው ዩ ነው። በጥንቱ አስተሳሰብ ግፍ የሚያበላሸው በገዳይና በሟች መካከል ያለውን ብቻ አይደለም። ሹሙ ሰማይና ምድርን የሚያገናኝ ነው፣ እሱ ሲጣመም ዝናቡም ይጣመማል። ይሄ ማብራሪያ እንጂ ፍትሕ አይመስለኝም፣ ግን ዝም ብሎ ያየ ሕዝብም ይከፍላል የሚል ክስ እንዳለበት አልክድም።

በመጨረሻ ክሱን የሚመረምር ባለሥልጣን መጣ፣ የልጅቷ አባት። ሌሊት መዝገብ ሲያገላብጥ የሷን ፋይል ከሥር ያደርገዋል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ መብራቱን አስተካክሎ ሲመለስ ፋይሉ ከላይ ተቀምጧል። እንደገና ከሥር ያደርገዋል፣ እንደገና ከላይ። መንፈሷ ናት። በቀሏ ይሄው ነው፣ ማንንም አላነቀችም፣ ፋይሏን ነው ወደ ላይ ያወጣችው። ፍርዱ ተሰጠ። ጃንግ 120 ጊዜ በቢላ ተቆራርጦ እንዲሞት፣ ዳኛው መቶ ተገርፎ ዳግም እንዳይሾም፣ መርዙን የሸጠው ሐኪም እንዲጋዝ።

በዚህ ፍርድ ላይ አንድ ስም ጎድሏል። ዶው ኧ እዚያ ቤት የገባችው በሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ድሃ ተማሪ ሳለ ከአማቷ 20 ሊያንግ (የክብደት መለኪያ ነው) ጥሬ ብር ተበድሮ በወለዱ 40 ደረሰበት፣ መክፈል ሲያቅተው ልጁን ሰጠና ለፈተና ወደ ዋና ከተማ ሄደ። ዳኛ ሆኖ የተመለሰው በዚያ መንገድ ነው። ጓን ሃንቺንግ ይሄን ተመልካች መጀመሪያ ላይ እንዲያይ አድርጎ ያስቀመጠው በከንቱ አይመስለኝም፤ የሁሉንም ዕዳ ቆጥሮ የሚያስከፍለው ሰው፣ የመጀመሪያውን ዕዳ በልጁ የከፈለው ራሱ ነው፣ እሱን ግን የጠየቀው የለም።